ፈጣኗ ያልተቀበረችበት ምክንያት

የካፒቴን አትንኩት ሥራ መቀመጥ ነበር። ጠዋት ጠዋት ነጭ ኮፍያውን ያጠልቅና ባሕር ዳር ወደብ ላይ የቆመችው መርከብ ውስጥ ይገባል፤ ደረጃውን ወጥቶ ከመሪው ፊት ያለው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ወንበሩም ሰው እንደተቀመጠበት ለሐይቅ ጉዞ ጽሕፈት ቤት ያሳውቃል። ከዚያ መርከቧ ራሷ ገመዷን ትፈታለች፣ ራሷ ትነሣለች። ሕጉ ሰው የሚያሳፍር መርከብ ያለ ሰው አይነቃነቅም ይላል እንጂ ሰውየው ምን ይሥራ የሚለውን አላነሣም። መሪውን መንካት ግን ክልክል ነው። አባቱ አትንኩት ብለው ስም ያወጡለት ነገሩ ቀድሞ ታይቷቸው ነው እያሉ የወደቡ ሰዎች ይቀልዱበታል። እሱም ለምዶታል፤ ሃያ ዓመት የተቀመጠ ሰው የማይለምደው ነገር የለም።

መርከቧ በወረቀት «ፈጣን ጣና» ትባላለች። ሕዝቡ «ፈጣኗ» ይላታል፤ ሲላት ታዲያ ፈገግ እያለ ነው። አንድ ጊዜ እውነትም ፈጣን ነበረች። ባሕር ዳር የተቀዳ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ጎርጎራ ይደርስ ነበር ይላሉ ያዩ ሰዎች፤ ትንሽ ያጋንናሉ፣ ብዙ ግን አያጋንኑም። ኋላ ለጉማሬዎቹ ደኅንነት ሲባል ፍጥነቷ ተቀነሰ። ጉማሬ ይረበሽ የሚል ማን አለ፣ ዝም ተባለ። በሚቀጥለው ዓመት ለዓሣ መረቦቹ ተቀነሰ፣ ቀጥሎ ለገዳማቱ ጸጥታ፣ ከዚያ ደግሞ ለእምቦጩ። አዎ፣ ለእምቦጩ! ያ አያቶቻችን ጭቃ እስከ ወገባቸው እየዋጣቸው በዘመቻ ሲነቅሉት የኖሩት አረም ዛሬ ወደ ውጭ የሚላክ ምርት ነው፤ ሥሩን ያናወጠ ይቀጣል።

እንዲህ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ስትቆረስ፣ ያቺ ባሕር ሰንጥቃ ትሄድ የነበረች መርከብ አሁን ተሳፋሪና መኪና ጭና ስትጓዝ፣ እንዳላማው የሚባል ሰው በደንገል ታንኳ እየቀዘፈ ከኋላዋ መጥቶ ያልፋታል። ሲያልፍ ባርኔጣውን ያነሣና ካፒቴኑን «ለጎርጎራ ሰዎች ምን ልበልልህ?» ይለዋል። ካፒቴኑ መልስ ሰጥቶት አያውቅም። ከእግሩ ሥር ሞተሮቹ እንደታሰረ በቅሎ ሲንቆራጠጡ ይሰማዋል፤ ያን ጊዜ የሚያዝነው ለራሱ ሳይሆን ለእሷ ነው።

የምትጭነውም ነገር ተለውጧል። ታችኛው ወለል ላይ የሚሰለፉት መኪኖች አብዛኞቹ ሰው የላቸውም። ከተማ ውስጥ የመኪና ማቆሚያ ጠፍቶ ባለቤቶቻቸው ጠዋት ወደ መርከቧ ይልኳቸዋል፤ መኪናው ጎርጎራ ይሄዳል፣ ሳይወርድ ተመልሶ ይመጣል። ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ የሚኖር መኪና አለ። ላይኛው ወለል ላይ ደግሞ ሰዎቹ አሉ፤ ገበያተኛው፣ ለቅሶ ደራሹ፣ ፍየል ጎታቹ። ፈጣኗ ሁሉንም በትሕትና ታነጋግራለች። ችግሩ የምትናገረው ነገር ነው።

ምክንያቱም ፈጣኗ የጣና ተወላጅ አይደለችም። ዓለም ጫፍ ባለች ደሴት ተሠርታ፣ መጀመሪያ በሰሜኑ ቀዝቃዛ ባሕር «የሰሜን ፍላጻ» ተብላ አገለገለች። ከዚያ ለግሪኮች ተሸጠች፤ እነሱ የአንዲት ቅድስት ስም አወጡላት። ከእነሱ ወደ ቀይ ባሕር ወርዳ «የበረሃ ንፋስ» ሆነች። በመጨረሻ እንደ ቅርጫ ሥጋ ተመድባ፣ ከጅቡቲ በከባድ መኪና ተጭና፣ ባሕር ዳር ላይ ተገጣጠመች። ሲገጣጠም የተረፈው ብረት እስከ ዛሬ ወደቡ ላይ ተቀምጧል፤ የምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ሰው ያደገበትን ልማድ እንደማይተወው ሁሉ እሷም አልተወችም። በሚያዝያ ሐሩር ደረጃው በረዶ ይዟልና ተጠንቀቁ ትላለች። ፍየል የሚጎትቱ ባልና ሚስት ካየች ጫጉላችሁ ያማረ ይሁን ትላለች። ሐይቁ መሀል ስትደርስ ደግሞ በስተቀኝ ዓሣ ነባሪ ሊታይ ይችላል ትላለች፤ ያን ሁሉ ዓመት ሰምተውት እንኳ ተሳፋሪዎቹ በሙሉ ወደ ቀኝ ይዞራሉ።

አንድ ማክሰኞ ከሐይቅ ጉዞ ጽሕፈት ቤት ወይዘሪት ሶልያና መጣች። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ክፉ ወሬ ይዞ የሚላከው ግን ሁልጊዜ እንደ እሷ ደግ ፊት ያለው ሰው ነው። ፈጣኗ ዘንድሮ ጡረታ ትወጣለች አለችው። በምትኳ ምን ይመጣል ቢላት ምንም አለችው፤ ታንኳዎቹ ከእሷ ይልቅ ፈጣን ሆነው ስለተገኙ እነሱ ይበቃሉ ተብሏል።

«እሷስ ምን ትሆናለች?»

«አሉሚኒየሟ ጥሩ ነው። ገዢ ተገኝቷል።»

«ገዝቶ ምን ያደርጋታል?»

«ድስት ይመስለኛል» አለች ሶልያና መሬት መሬት እያየች።

ከጣሪያው ላይ የፈጣኗ ድምፅ መጣ፤ ያው ስለ ዓሣ ነባሪው የምትናገርበት ትሑት ድምፅ ነው። «ባለ ክዳን ነው?» ብላ ጠየቀች።

ያን ቀን ካፒቴን አትንኩት ቤቱ ገብቶ እህል አልቀመሰም። ልጁ አትጠገብ ደነገጠች፤ ነገሩን ስትሰማ ግን አባዬ መርከብ እኮ ናት አለችው። እሱም መርከብ መሆኗን አላጣሁትም አላት። እናትሽ ከሞተች ወዲህ ከጠዋት እስከ ማታ የምታናግረኝ ግን እሷ ናት፤ እንዴት ነው ያን ያህል ዘመን ያወራኋትን በገበያ ወጥ ሲሠራባት የማየው አላት። አትጠገብ የራሷም ጉዳይ ነበረባት፤ ጎንደር ያለ እጮኛዋ ሽማግሌ ሊልክ ቀን እየቆረጠ ነው፣ እሷ ደግሞ አባቷ በዚህ ሰሞን ጤነኛ ሆኖ እንዲታይላት ትፈልጋለች።

ፈጣኗን ወዲያው ከመቆራረጥ ያተረፋት እድሩ ነው። ከዓመታት በፊት መንግሥት ግብር እንዲሰበሰብ ሲል የሚሠራ ማሽን ሁሉ እንደ ሠራተኛ ይመዝገብ አለ። ምዝገባው ጡረታን አመጣ፣ ጡረታው እድርን አስከተለ፤ ኧረ ይሄ ነገር ወዴት እየሄደ ነው ብሎ የጠየቀ የለም። በዚሁ ፈጣኗ የወደብ ሠራተኞች እድር አባል ሆነች። እውነቱን እንናገር ከተባለ ከእሷ የተሻለ አባል አልነበረም። ከሐይቁ ማዶ ሰው ሲሞት ድንኳኑንና አግዳሚውን ተሸክማ የምትሄደው እሷ ናት፤ ከቀብር ቀርተው የሚቀጡት ሁልጊዜ ሰዎቹ ናቸው። እንግዲህ የእድር አባልን ከመዝገብ የሚያወጣው ሞት ብቻ ነው። ስለዚህ ፈጣኗ ድስት ከመሆኗ በፊት እድሩ አልቅሶ ሊቀብራት ግድ ሆነ።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ይበልጣል ደንብ ከሚጣስ ጥርሴ ይነቀል የሚሉ ሰው ናቸው። ደንቡ ደግሞ ሌላ እድር ውስጥ የሌለ አንቀጽ አለው። ድሮ አንድ ሀብታም የዓሣ ነጋዴ ሞቶ፣ የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ የአራት ልጆች አባት ነበር ተባለ። ይኼኔ ከሕዝቡ መሀል አምስተኛው ተነሣና እኔስ አለ። ስድስተኛዋ ከበስተኋላ ነበረች። በዚያ ቀን በተነሣው ድብድብ የድንኳኑ ምሰሶ ሳይቀር ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ የሟች ታሪክ ተነብቦ አንድ አባል እንኳ ከተቃወመ ድንኳን አይነቀልም ተባለ፤ ድንኳኑ ካልተነቀለ ደግሞ ሟቹ ገና አልተቀበረም።

ድንኳኑ ቅዳሜ ቀን በፈጣኗ የመኪና ወለል ላይ ተተከለ። ሰው አልባዎቹ መኪኖች ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁ። ንፍሮ ቀረበ፤ ወንዶቹ ጥግ ይዘው ካርታ ጀመሩ። ወይዘሮ ጠጄ የምትባል የወደቡ ሻይ ሻጭ ደረቷን እየመታች አለቀሰች፤ የምታለቅሰው ለባሏ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፣ ለቅሶ ቤት ሁሉም የሚያለቅሰው የራሱን ነው። ወይዘሪት ሶልያና ከድስት ነጋዴው ጋር ከፊት ተቀምጣለች። ነጋዴው ሐዘንተኛ መስሎ አንገቱን ደፍቷል፤ ዓይኑ ግን የመርከቧን ግድግዳ ይለካል።

ታሪኳን እንዲጽፍ የታዘዘው ካፒቴኑ ነበር። እሱም እንደማንኛውም የሟች ታሪክ አድርጎ ጻፈው፤ ሌላ ዓይነት አያውቅም። ደግ፣ ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ፈጥና ደራሽ ነበረች ብሎ ጀመረ። በአገልግሎት ዘመኗ ሁሉ ማንንም ሳታስቀይም ኖራለች ሲል፣ ከጣሪያው ይቅርታ የሚል ድምፅ ተሰማ።

ይህ ትክክል አይደለም አለች ፈጣኗ። በሰሜን ባሕር ሳለች የወደቡን ግንብ ገጭታ የአንዲት ሴትዮ የዓሣ መሸጫ ባሕር ውስጥ ከትታለች፤ ሴትዮዋ በጣም ተቀይመዋል። በግሪኮቹ ዘንድ ሳለች ሰዓቷ ደርሶ ስለነበር ሙሽራውን መሬት ላይ ትታ ሙሽሪትን ይዛ ሄዳለች፤ ሙሽሪት በሄደችበት ሌላ እንዳገባች ሰምታለች። ቀይ ባሕር ላይ ደግሞ አሸዋ ሞተሯ ገብቶ አንድ ሙሉ ክረምት ቆማ የሠራችው ሥራ ቢኖር ለግመሎች ጥላ መሆን ነው። ለተቸገረ ፈጥና ደራሽ የሚለውንም እንዲያስተካክሉላት በትሕትና ትጠይቃለች፤ የዛሬ ስድስት ዓመት ምጥ የያዛትን ሴት ይዛ ስትጓዝ የፍጥነት ገደቡን ስላከበረች ልጁ እዚሁ መርከብ ላይ ተወልዷል።

ካርታ የያዘው ሁሉ ካርታውን አስቀመጠ። ወይዘሮ ጠጄ ማልቀሷን ትታ ስለ ሙሽሪት ተጨማሪ ጠየቀች። ሶልያና ተነሥታ ሟች ራሷ ትቃወማለች እንዴ ብላ ጋሽ ይበልጣልን አየቻቸው። እሳቸው ደንቡን አወጡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ አባል ናት አሉ። ደንቡ አባል ይላል፣ ሕይወት ያለው አባል አይልም። ድንኳኑ አይነቀልም፤ ታሪኩ ታርሞ በሚቀጥለው ቅዳሜ ይነበብ።

ነገሩ ለካፒቴን አትንኩት የበራለት ያኔ ነው። እሷ ውሸት ሰምታ ዝም ማለት አትችልም። ውሸት እስካለ ድረስ ተቃውሞ አለ፤ ተቃውሞ እስካለ ድረስ ድንኳኑ አይነቀልም፤ ድንኳኑ እስካልተነቀለ ድረስ ማንም ድስት አያደርጋትም። ዘዴውን ግን ለእሷ ሊነግራት አልቻለም፤ የጠየቃትን ሁሉ ትመልሳለችና ሶልያና ብትጠይቃት አንድ ሳታስቀር ትዘረግፈዋለች። ስለዚህ ብቻውን መዋሸት ጀመረ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ተወልዳ ያደገችው ደብረ ታቦር ነው ብሎ አነበበ። ተቃወመች። በሌላው ሳምንት የሁለት ታንኳዎች እናት ነበረች አለ፤ እሷም ልጅ የለኝም፣ ዕድሉም አልገጠመኝም አለች። ቅኔ ቤት ገብታ ተምራለች አለ። ጣና ላይ አንድ ጊዜ በርራለች አለ፤ ይሄኛውን ለማስተባበል የክብደቷን ነገር ስታስረዳ ሕዝቡ ምሳውን ረሳ። ከተማው ነገሩን ወደደው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ልጆቹን አስከትሎ ለቅሶ ይመጣ ጀመር፤ አግዳሚው ስለማይበቃ ማልዶ ቦታ የሚይዝ ሰው በዛ። በሌሎቹ ቀናት ፈጣኗ ድንኳኗን ተሸክማ ሥራዋን ትሠራለች፤ ተሳፋሪው ሲገባ ንፍሮ ይቀርብለታል።

በመሀሉ ጎርጎራ ላይ አቶ ዳምጤ የሚባሉ ሰው ሞቱ። እኒህ ሰው በሕይወት ሳሉ ለጎረቤት እሳት የማይሰጡ ነበሩ። ፈጣኗ ለቀስተኛውን አድርሳ ወደቡ ላይ ስትጠብቅ የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ ሰማች። ሲመለሱ ካፒቴኑን ጠየቀችው። እጃቸው የማይጨበጥ ለጋስ ነበሩ ሲባል ያ ሁሉ ሰው ለምን አልተቃወመም?

«ልጆቻቸው ተቀምጠዋላ» አላት። «እውነቱን ሁሉም ያውቀዋል። በልጆቹ ፊት ግን እንዴት ይባላል? ይሉኝታ ነው።»

«ይሉኝታ እውነት የሆነውን አለመናገር ነው?»

«እንደዚያ አይደለም። እዚያ የተቀመጠው ሰው እንዳያፍር ስትይ ዝም ማለት ነው።»

ፈጣኗ በዚያን ቀን ሐይቁ መሀል ሲደርሱ ዓሣ ነባሪውን እንኳ ዘለለችው። ካፒቴኑ ልብ አላለም፤ እሱ የሚያስበው የቅዳሜውን ውሸት ነበር።

ውሸቱም እያለቀበት ነበር። ጋሽ ይበልጣል ጠርተውት ተቆጡት። እድሩን መሳቂያ አደረግኸው፣ ከእንግዲህ ወለደች፣ በረረች እንዳትለኝ፤ ሰው ሊያምነው የሚችል ታሪክ ካላመጣህ ሌላ ጸሐፊ እሾማለሁ አሉት። ካፒቴኑ ቤቱ ቁጭ ብሎ ራሱን ያዘ። እንግዳ ሰው የሚያምነው፣ እሷ ግን ልታልፈው የማትችለው ውሸት ከየት ይምጣ? በመጨረሻ አገኘው። ካፒቴኗ አትንኩት ሃያ ዓመት ሙሉ በገዛ እጁ መሪዋን ይዞ ነድቷታል ብሎ ጻፈ። መቼም ይህን ሰምታ ዝም አትልም፤ ከወደብ ሰውም ቢሆን የእሱን ሥራ የማያውቅ የለም። ሌላው መስመር በሙሉ እውነት ሆነ፤ የዓሣ መሸጫውም፣ ሙሽሪትም፣ ግመሎቹም አንድ ሳይቀሩ ገቡ።

ቅዳሜ ጠዋት ወረቀቱን ይዞ ድንኳን ሲገባ ከፊተኛው አግዳሚ ላይ አትጠገብን አየ። ከጎኗ እጮኛዋ፣ ከእሱ ቀጥሎ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች። ቀኑን አሳጥረው ከጎንደር መጥተዋል፤ መምጫቸውም እዚችው መርከብ ላይ ነው፣ ከትናንት ማታ የመጨረሻ ጉዞ ጋር። መሪ ሽማግሌው አቶ ተሻገር የሚባሉ የእጮኛዋ አባት ናቸው። ብድግ ብለው እጅ ነሡትና የካፒቴን ልጅ ለልጃችን በመጠየቃችን ክብር ይሰማናል አሉት። አትጠገብ በዓይኗ አባቷን ለመነች።

ካፒቴኑ ያንን መስመር ቢዘለው ወረቀቱ እውነት ብቻ ይሆናል፤ እውነት ብቻ ከሆነ ደግሞ ፈጣኗ ዛሬ አበቃላት። ካነበበው ፈጣኗ ትቃወማለች፣ አማቾቹ ፊት ተቀማጭ መሆኑ ይወጣል። ምን ይደረግ፣ ትንሽ ላፍር አለ በልቡ። አነበበው፤ ቀና ሳይል፣ ጮክ ብሎ፣ «በገዛ እጁ» የሚለውን ጠበቅ አድርጎ።

ከዚያ ጠበቀ። ሕዝቡም ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ጠበቀ። አቶ ተሻገር በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። የወደብ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ፤ በአማቾቹ ፊት ማን ይናገራል? አንዱም አልተነፈሰም። ጣሪያውም ዝም አለ።

ጋሽ ይበልጣል ተቃዋሚ አለ ወይ አሉ። ማንም። ጉሮሯቸውን ጠርገው ሁለተኛ ጠየቁ። የድስት ነጋዴው ከኪሱ ሜትር አወጣ። ካፒቴኑ ወደ ጣሪያው አፈጠጠ፤ ተናገሪ እንጂ አላት በዓይኑ፣ ምን ሆነሻል? ይኼኔ ያቺ የጎርጎራ ጨዋታ ትዝ አለችው። ይሉኝታ ይዟታል። እሱ እንዳያፍር ብላ ድስት ልትሆን ነው። ያስተማራት ደግሞ ራሱ ነው።

«ለሦስተኛና ለመጨረሻ ጊዜ» አሉ ጋሽ ይበልጣል።

«እኔ እቃወማለሁ» አለ ካፒቴን አትንኩት።

«አንተ ራስህ አይደለህ የጻፍከው?»

«አባል ነኝ። መሪውን ይዤ አላውቅም። ሃያ ዓመት ተቀምጬ ነው የኖርኩት። ሥራዬ መቀመጥ ነው፤ ወንበሩ ላይ ዱባ ቢያስቀምጡበት እኔ ከምሠራው የሚቀር የለም። የምትነዳው እሷ ናት።»

አትጠገብ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ካፒቴኑ አማቾቹን ላለማየት ወረቀቱን ያጥፍ ይዘረጋ ጀመር። ያኔ ከጣሪያው ይቅርታ የሚል ድምፅ መጣ።

«እኔም ተቃውሞ አለኝ» አለች ፈጣኗ። «በካፒቴኑ ተቃውሞ ላይ። አንድ ጊዜ ይዘውታል። ባለቤታቸው ባረፉ በአርባኛው ቀን፣ መሪው አቧራ ይዞ በመሐረባቸው ጠርገውታል። ወደ ግራ ትንሽ ዞሬ ነበር። ደስ ስላለኝ ለጽሕፈት ቤቱ አልተናገርኩም።»

ሰው ሁሉ ወዴት እንደሚያይ አጣ። መጀመሪያ የተነሡት አቶ ተሻገር ናቸው። ካፒቴኑ ጋቢያቸውን ሰብስበው ሊወጡ መስሎት ዓይኑን ጨፈነ። እሳቸው ግን መጥተው አጠገቡ ቆሙ፤ እኔስ ምን ስሠራ የኖርኩ መሰለህ አሉት በዝግታ። የደንቢያን ማሳ የሚያርሰው ትራክተር ላይ ተቀማጭ ናቸው። እንዲያውም አንድ ጊዜ ተኝተው ወድቀው ትራክተሩ አርሶ ጨርሶ ተመልሶ አነሣቸው። ከኋላ አንድ ሰው እኔ ባንክ ውስጥ ተቀማጭ ነኝ አለ። አንዷ ደግሞ ትምህርት ቤት እቀመጣለሁ አለች። ሶልያና እኔም የላክሁት ደብዳቤ ሁሉ ሲደርስ ነው የማነበው አለች፤ ከዚያ መጀመሪያ ማን እንደጀመረው ሳይታወቅ ድንኳኑ በሳቅ ተናወጠ። የድስት ነጋዴው ብቻ አልሳቀም፤ ያን ሁሉ ሰው ተቀማጭ አድርጎ ሲያየው ትንሽ የፈራ መሰለ።

ጋሽ ይበልጣል እስኪያልቅ ጠበቁና ሁለት ተቃውሞ አለ አሉ፤ አንዱ በታሪኩ ላይ፣ ሁለተኛው በአንደኛው ላይ። ይህን ለመመርመር ኮሚቴ ያስፈልጋል። ኮሚቴ ደግሞ በዚህ እድር ተቋቁሞ ሥራውን የጨረሰበት ጊዜ የለም። ድንኳኑ አይነቀልም።

ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ተጠይቃ፣ ተፈቅዳ፣ ፈጣኗ ሽማግሌዎቹንና ድንኳኗን ይዛ ወደ ጎርጎራ ተነሣች። ካፒቴኑ ወንበሩ ላይ ነው። እምቦጩን አልፈው ነጣ ወዳለው የሐይቁ መሀል ሲደርሱ እንዳላማው ከኋላ ብቅ አለ፤ እየቀዘፈ፣ እያፏጨ፣ ባርኔጣውን ለማንሣት እየተዘጋጀ።

«ሁለተኛ እንደዚያ ዝም ብትዪ አንቺን አያርገኝ» አላት ካፒቴኑ።

«ይሉኝታ አስቸጋሪ ነው» አለች። ቀጥላም፣ «ካፒቴን፣ መሪው አቧራ ይዟል» አለች።

ካፒቴኑ ጣቱን አሳረፈበት። እውነትም ይዟል፤ እሷ አትዋሽም። መሐረቡን አወጣና ጠረገው።

«የፍጥነቱ እጀታም» አለች ፈጣኗ።

«ጽሕፈት ቤቱ ቢጠይቅሽስ?»

«አቧራ ነበር እላለሁ።»

ካፒቴን አትንኩት እጀታውን በመሐረቡ ያዘ። ደህና አድርጎ ነው የጠረገው፤ ከሥሩ ጀምሮ ወደ ፊት፣ ወደ ፊት፣ እስከ መጨረሻው ድረስ። ከሥሩ በቅሎዋ ገመዷን በጠሰች። የመርከቧ አፍንጫ ተነሣ፣ ድንኳኑ እንደ ሸራ ተነፋ፣ ያን ያህል ዘመን ሲመላለሱ የኖሩት መኪኖች በሙሉ በአንድነት ጥሩምባቸውን ነፉ። አቶ ተሻገር ጋቢያቸውን ጥርሳቸው ላይ ነክሰው ምሰሶ አቀፉ። በስተቀኝ ዓሣ ነባሪ ሊታይ ይችላል አለች ፈጣኗ፣ ተሳፋሪውም ሁሉ ወደ ቀኝ ዞረ።

እንዳላማው ነበር። ታንኳው ማዕበሉ ላይ ሽቅብ ቁልቁል ይላል፤ ባርኔጣው ከጎኑ ይንሳፈፋል። ካፒቴን አትንኩት በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ነጭ ኮፍያውን ከፍ አደረገ።

«ለጎርጎራ ሰዎች ምን ልበልልህ?»